የአያ ታረቀኝ ጥርስ የጠፋ ሰሞን

መምህርን ጉድ የሚያደርገው የማያውቀው ነገር አይደለም፤ ራሱ ያስተማረው ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ባስተማርኩት ትምህርት ከቤት ልባረር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያን ጊዜ አዘዞ ውስጥ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። ሞባይል በወገቡ ያንጠለጠለ ሰው ገና እንደ ሹም የሚታይበት ዘመን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ወንጀል ምርመራ አጭር ልብወለድ አወቃቀር ሳስተምር ሰነበትኩ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ታሪኩ ሰላም ከሰፈነበት ቤት ይጀምራል። ከዚያ አንድ ውድ ነገር ይጠፋል፣ ወይም አንድ ሰው ይሞታል። መርማሪው ይመጣል። ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ይቀርባሉ፤ ሁሉም የሚደብቁት ነገር ያላቸው ይመስላል። ደራሲው ምልክቶችን በየጥጉ ይበትናል፤ አብዛኞቹ አንባቢን ገደል የሚከቱ የሐሰት ምልክቶች ናቸው። በመጨረሻ መርማሪው ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ይሰበስብና ጣቱን ይቀስራል። ወንጀለኛው ሁልጊዜ ማንም ያልጠረጠረው ሰው ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌ ከሥሯ አሰመርኩባት። ተማሪዎቼ ገለበጧት። እኔ ግን ዋጥኳት።

የምኖረው አያ ታረቀኝ ግቢ ውስጥ ነበር። አያ ታረቀኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት ማኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የፊት ጥርሳቸውን ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ መሪው በላው። የቀረውን ደግሞ «ብቻውን ምን ይሠራል?» ብለው ራሳቸው አስነቀሉት። በምትኩ አዲስ አበባ ድረስ ወርደው ከላይም ከታችም የሚወልቅ ጥርስ አሠርተው መጡ። ሲስቁ ፊታቸው የሽማግሌ፣ ጥርሳቸው የሙሽራ ነበር። ማታ ያወልቁትና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ከተው መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡታል። ጧት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚስቅልኝ ጥርሱ ነው።

ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ባለቤታቸው እትዬ ስመኝና አንድያ ልጃቸው ሰላም አሉ። ከጓሮ ባለችው ክፍል አንዲት መነኩሲት እማሆይ፣ ከውጭ በሩ አጠገብ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ጫማ የሚነግዱት ጋሽ ኑሩ ከነድመታቸው ተከራይተው ይኖራሉ። መሃል ላይ እኔ አለሁ፤ ላጤው መምህር።

እንግዲህ ሰላም የሰፈነበት ቤት ይሄ ነው። በዚያ ላይ ደስታ ሊገባበት ነበር። ከሊማሊሞ በታች ባለው ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሸጋ ልጅ ሰላምን ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው፣ አያ ታረቀኝ እንደ ወጉ «ዘመድ ላማክር» ብለው መልሰዋቸዋል። የመልሱ ቀን እሑድ ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኩሩ ሰው ናቸው ይባላል፤ ያለ በቂ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከመለሷቸው ሦስተኛ ደጅ አይጠኑም።

ቅዳሜ ጧት ፊቴን ሳሙና እንደተቀባሁ እትዬ ስመኝ ጮኹ።

«መምህር! ኧረ ድረስ! ጥርስ ጠፋ!»

«የማን ጥርስ?»

«የማን ይሁን? በዚህ ግቢ ጥርሱን አውልቆ የሚያድር ስንት ሰው አለ!»

ሳሙናውን በእጄ እየጠረግሁ ሮጥኩ። አያ ታረቀኝ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል። ከላይ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ዓይናቸውም እኔን አያይም።

«ሸረቁኝ» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ጥርሼን ሸረቁኝ። ነገ በባዶ አፍ ሽማግሌ ፊት አልቀርብም። ሌላ እሽኪሸራ ድረሽ ይቆዩ።»

ሰላም በሩ ላይ ቆማ ይሄን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሌላ እስኪሠራ? አባዬ፣ ያኛውን ለማሠራት እኮ ስንት ጊዜ ነው የተመላለስከው!» አለችና እያለቀሰች ወጣች።

«ፖሊስ እንጥራ እንዴ?» አልኩ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ እትዬ ስመኝ አማትበው። «ነገ ሽማግሌ የሚገባበት ቤት ዛሬ ፖሊስ ይግባ? አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ስለ ሌባ ታስተምራለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ መላ በለው።»

ማን እንዲህ ተብሎ ይቀመጣል? የአገር መሪ ሆነህ ተሹመሃል ብባል ያን ያህል ደረቴ አይነፋም ነበር። ክፍሌ ገብቼ ኮቴን ደረብኩ። መርማሪ ያለ ኮት ምን ይመስላል?

መጀመሪያ የወንጀሉን ቦታ መረመርኩ። ብርጭቆው መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር፤ ግን ውሃው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቷል። ልቤ ዘለለ። ሰርቆ ብርጭቆ የሚያጥብ ሌባ! ይሄ ተራ ሌባ አይደለም፤ ጽዱ ሌባ ነው፤ ቤቱን የሚያከብር ሌባ ነው። ብርጭቆውን በመሐረብ ጠቅልዬ ለማስረጃ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። የጣት አሻራ ለማየት የጤፍ ዱቄት ነሰነስኩበት። በግልጽ የታየኝ አሻራ የራሴ አውራ ጣት ብቻ ነበር። ማንም እንዳይነካው አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

ቀጥዬ ተበዳዩን ጠየቅኩ። «አያ ታረቀኝ፣ ማንን ይጠረጥራሉ?»

እሳቸውም ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘው በረጅሙ ተነፈሱና «እምምም… ሆሆይ!» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይሄ ተራ ትንፋሽ ነበር። የደከመው ሰው ሁሉ የሚተነፍሰው ትንፋሽ። እኔ የሰማሁት ግን «እማሆይ» የሚል ነው።

እማሆይ! ጽዱ ናቸው። ብርጭቆ ሳያጥቡ አያስቀምጡም። ከሁሉም በላይ ማንም አይጠረጥራቸውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያሰመርኩባት ዐረፍተ ነገር ተነስታ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

ሆኖም ጥሩ መርማሪ አይቸኩልም። ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ማጣራት ነበረብኝ። ጋሽ ኑሩ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በራቸው ላይ ተቀምጠው ጫማ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ድመታቸው እግራቸው ሥር ተኝታለች።

«ጋሽ ኑሩ፣ ይቺ ድመት ሌሊት የት ነበረች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ድመት የት እንደምታድር የሚጠየቅ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።»

«መስኮት ላይ ትወጣለች አይደል?»

«ትወጣለች። ግን መምህር፣ ድመቷ የራሷ ጥርስ አላት። የሰው ጥርስ ምን ያደርግላታል?»

መልስ ያሳጣ ተጠርጣሪ ደግሞ ያው ተጠርጣሪ ነው። በልቤ ድመቷን ከጥርጣሬ ባላወጣትም ለጊዜው ለቀቅኳት።

ከሰዓት በኋላ እማሆይ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተከተልኳቸው። አዘዞ ውስጥ ሰው ተደብቆ መከተል ከባድ ነው። ባለ ሚኒባሱ ሁሉ «ጎንደር! ጎንደር! መምህር፣ ትገባለህ?» እያለ ይጠራኛል። እንዲያም ሆኖ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው እየተሸጎጥኩ ደረስኩባቸው። ያኔ ነው የሰማሁት። ከነጠላቸው ሥር «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምፅ። በየእርምጃቸው። ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ።

ፀጉሬ ቆመ። መነኩሲቷ የአያ ታረቀኝን ጥርስ ብብታቸው ሥር ይዘው ቤተ እግዚአብሔር እየገቡ ነበር!

እዚያው ልይዛቸው አሰብኩ፤ ግን አወቃቀሩ አይፈቅድም። ማጋለጥ የሚባለው ነገር ሁሉም በተሰበሰበበት፣ በመጨረሻው ክፍል ነው የሚሆነው። በየመንገዱ ሌባ መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ግቢውን ሁሉ አያ ታረቀኝ ሳሎን ሰበሰብኩ። ሳሎኑ ለእንግዳ ተሰናድቷል፤ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ የገብስ ቆሎው በየሳህኑ ቀርቧል። አያ ታረቀኝ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ፤ «እዚሁ ሆኜ እሸማለሁ» ብለው አልወጣም አሉ። እትዬ ስመኝና ሰላም ጎን ለጎን፣ ጋሽ ኑሩ በሩ አጠገብ፣ እማሆይ ጥጉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሃል ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

«እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል አንዱ የአያ ታረቀኝን ጥርስ ያውቃል» አልኩ።

«ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነጭ ነው» አሉ ጋሽ ኑሩ።

አለፍኳቸው። ስለ ታጠበው ብርጭቆ ተናገርኩ። ስለ ድመቷ ተናገርኩ። እትዬ ስመኝን ጭምር አነሳሁ፤ «ባለቤት ሁልጊዜ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ናት» ስል ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ግን ማንም ያልጠረጠረው ሰው ማን ነው?» አልኩና ጣቴን ቀሰርኩ። «እማሆይ! ከነጠላዎ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚለውን ነገር ያውጡ!»

እማሆይ ቀስ ብለው እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጡ። ከእንጨት ፍሬ የተሠራ ረጅም መቁጠሪያ ነበር። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጋጩና «ቀጭ» አሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ይናከሳል?»

ምድር አፏን ብትከፍት ሰተት ብዬ እገባ ነበር። አልከፈተችም። እማሆይ ተነሱ። ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ፤ ለካ በቀልድ አላለፉትም። «እኔ ዓለምን ትቼ የመጣሁ ነኝ» አሉ። «በስተርጅና ሌባ በተባልኩበት ግቢ አላድርም። ዕቃዬም ብዙ አይደለም።»

እትዬ ስመኝ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ደረሱ። «ኧረ እማሆይ! ይሄ ምን ያውቃል ብለው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው መምህር! ምነው!»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አልተማርኩም፤ ጫማ ነው የምሸጠው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቢሄዱ የሚጠቀመው ማን ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ!» አልኩ፤ ማንም ቢሆን የሚደግፈኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ላጤ ሆኖ፣ ሰላም ውሃ ስትቀዳ ቧንቧው አጠገብ መጽሐፍ የሚያነብ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ሰላም ጭምር። ቧንቧው አጠገብ የማነበው ጥላ ስላለ ነው፤ ላጤነትም ወንጀል አይደለም። ይሄን ሁሉ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ግን እትዬ ስመኝ ተነስተው ወደ ክፍሌ መንገድ ጀምረዋል። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው መሐረቤን፣ በሌላው ዱቄት የተነሰነሰበት ብርጭቆ ይዘዋል።

«ብርጭቆዬ! አልጋው ሥር!»

«ማስረጃ ነው!» አልኩ።

«ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል?»

«ዱቄቱስ?» አለች ሰላም እንባዋን እየጠረገች። «ዱቄቱ ለምንድን ነው? መድኃኒት ልታደርግበት ነበር?»

እንዲህ ነው ወግ፤ መርማሪ ሆኜ ገብቼ ወንጀለኛ ሆንኩ። እትዬ ስመኝ የብርጭቆውን ዱቄት እያራገፉ፣ «እንደ ልጄ ነበር የማይህ። ሽማግሌዎቹን ከሸኘን በኋላ ክፍሌን ልቀቅልኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቄም ኩራቴም ጠፋ። ለካ ሰውን የሚያሳምመው መጠርጠሩ አይደለም፤ የሚወደው ሰው ክሱን ለማመን አለመቸገሩ ነው።

ይሄኔ የውጭ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ደርሰዋል። ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከድብ ባሕር የመንገዱን አቧራ ተሸክመው ገቡና፣ እንደ ወጉ ቆሙ። አባት «ተቀመጡ» ካላለ ሽማግሌ አይቀመጥም። አባት ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

እትዬ ስመኝ ተንተባተቡ። «እ… ባለቤቴ… ትንሽ አሟቸው… ጥርስ…»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ባለፈው ዘመድ፣ ዛሬ ጥርስ። ልጃችንን ካልፈለጋችሁት እንዲህ ከምታዞሩን ቁርጡን ብትነግሩን መልካም ነበር» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። ሰላም አፏን በእጇ ያዘች።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ።

ቀርጨም። ቀርጨም። ቀርጨም።

ደረቅ የገብስ ቆሎ ሲቆረጠም።

እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት። ጋሽ ኑሩ ቅንድባቸው ተነሳ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። እትዬ ስመኝ ከመጋረጃው አጠገብ ያለውን የቆሎ ሳህን አዩ፤ ግማሹ ባዶ ነበር። በድድ ገብስ የሚቆረጥም ሰው እንኳን አዘዞ፣ በዓለም ላይ የለም። ተበዳዩ! ያን ሁሉ ሰው ጠይቄ እሳቸውን የት እንደነበሩ አልጠየቅኳቸውም፤ ማንም አልጠረጠራቸውም። ዐረፍተ ነገሯ ልክ ነበረች፤ ሰውዬውን ነው የሳትኩት። ጣቴ በራሱ ጊዜ መነሳት ሲጀምር ጋሽ ኑሩ የኮቴን ጫፍ ጎተቱ።

«ተቀመጥ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይቺ የአንተ አይደለችም።»

ሰላም መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ቁርጠማው ቆመ።

«አባዬ።»

ቆሎ መሬት ላይ ሲፈስ ተሰማ።

«አባዬ፣ ቆሎው እንዴት ነው?»

«ጨው አንሶታል» አሉ አያ ታረቀኝ። በመላው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት «ሸ» አልነበረችም።

«ምነው አባዬ? ምነው እንዲህ አደረግህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ፤ ግን ማንም ጆሮውን አልደፈነም።

«አንቺ ስትወለጂ ሁመራ ነበርኩ» አሉ። «ዳዴ ስትይ አሰብ ነበርኩ። ፊደል ስትቆጥሪ ማኪናዬ ተሰብሮ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሰው ልጁ ስታድግ ያያል፤ እኔ በተመለስኩ ቁጥር ቀሚስሽ አጥሮ ነው የማገኘው። ቤት ቁጭ ብዬ አንቺን ማየት የጀመርኩት ትናንት ነው። ገና ሳልጠግብሽ ሊወስዱሽ መጡ። ሌላ መላ ጠፋኝ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው 'ልጄን ተዉልኝ' ብሎ ያለቅሳል?»

«ድብ ባሕር እኮ ሩቅ አይደለም። በጧት አውቶቡስ ብትሳፈር…»

«መንገድ ለኔ አታስተምሪኝ» አሉ በቁጣ። ወዲያው ግን ሁለቱም ሲስቁ ሰማን። ሳቁ መሃል ላይ የሰላም ወደ ለቅሶ ዞረ፤ የእሳቸውም የዞረ ይመስለኛል፤ እዚህ ላይ ምርመራዬን አቆማለሁ።

መጋረጃው ተገለጠና አያ ታረቀኝ ወጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጥርሳቸው እንደ ሙሽራ አብርቶ።

«ጥርሱ ተገኘ እንዴ?» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ በጥርጣሬ።

«ተገኘ።»

«የት?»

«ቦታው ላይ» አሉ አያ ታረቀኝ። «ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ።»

እትዬ ስመኝ እልል አሉ። እልልታው ሲያልቅ ባላቸውን ያዩበት አስተያየት ግን ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሌላ ምርመራ እንደሚጀመር ያስታውቅ ነበር። እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ክፍሉን ልቀቅ ያለኝም አልነበረም። እማሆይ እግር ላይ ወድቄ «ይቅር በሉኝ» ስላቸው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፤ እኔ ግን ወገቤን ያመኛል፤ የያዝነው ፆም እስኪፈታ ውሃዬን አንተ ቅዳልኝ» ብለው ጀሪካኑን አሳዩኝ። ቀዳሁ።

ሠርጉ አማረ። ሰላም ድብ ባሕር ገባች። ግቢው ጸጥ አለ። አያ ታረቀኝም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን እያዩ መዋል ጀመሩ።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማለዳ በሬን አንኳኩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በእጃቸው ቦርሳ ይዘዋል።

«መምህር፣ ዛሬ ሥራ አለህ?»

«የለኝም አያ።»

«እንግዲያ ተነስ፤ ድብ ባሕር እንሂድ። የእህል ዋጋ ረክሷል ሲሉ ሰማሁ፤ እናጣራ።»

አዘዞ ላይ እህል ሞልቷል። ትክል ድንጋይ ገበያም ቢሆን ከድብ ባሕር ይቀርባል። እህል ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጆንያ እንጂ ቦርሳ አይዝም፤ ከቦርሳው አፍ ደግሞ አዲስ የሕፃን ልጅ ብርድ ልብስ ብቅ ብሏል፤ ገና ወር እንኳ ያልሞላት ሙሽራ ምን ልታደርግበት ነው? ከምላሴ ጫፍ የደረሰ ጥያቄ ብዙ ነበር።

አንዱንም አልጠየቅኩም። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ፤ አውቶቡሱ ላይም መስኮቱን ለእሳቸው ለቀቅኩላቸው።